የእናቴ ጆሮ የነበርኩበት ክረምት

እናቴ ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ከኋላዋ ሆኜ ሦስት ጊዜ ጠራኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለምን ዝም እንዳለችኝ የማውቅ መሰለኝ። በሩዙ ምክንያት ነው።

እናቴ ኬማ የኮማሁን መንደር አዋላጅ ነበረች። ሁለት ክፍል ያላት፣ ቆርቆሮ የለበሰች የጤና ጣቢያ ነበረችን፤ መንደርተኛው እናቴን «ነርስ ኬማ» ይላታል። አባቴ አልማዝ ቁፋሮ ላይ ስለነበር በዓመት ሁለቴ ካየነው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ የተረፈውን ሩዝ ከድኜ ክዳኑ ላይ ድንጋይ እንድጭንበት ነግራኝ ወጣች። ልጆች ወንዝ እንውረድ ሲሉኝ ረስቼው ሄድኩ። ስመለስ ድስቱ ክፍት ነው፤ ሩዙ ላይ ጥቁር ፍሬ የመሰለ የአይጥ ኩስ ተበትኖበታል። አንድ በአንድ ለቀምኩትና በማንኪያ ጀርባ ደልድዬ ከደንኩት። ማታ እናቴ በላችው። ሆዴን አሞኛል ብዬ እኔ አልበላሁም።

ዐሥር ቀን ሳይሞላ ትኩሳት ጣላት። ፊቷ አበጠ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት፤ ዓይኗ ደም መሰለ። አራት ወንዶች በአልጋ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ አደረሷትና በጭነት መኪና ወደ ኬነማ ሆስፒታል ወሰዷት። እኔን ልትጠብቅ የመጣችው የእናቴ ታላቅ እህት ቴዋ ነበረች። ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት።

«የአይጥ በሽታ ነው አሉ። አይጥ የነካውን እህል የበላ ነው የሚይዘው።»

የዚያን ቀን ድስቱን ከቤቱ ጀርባ ወስጄ በአሸዋ ደጋግሜ ፈተግኩት።

አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቦ ከተማ አስተምራለሁ። ከጊዜ በኋላ አንድ ሐኪም ከእናቴ ጋር ተቀምጦ ቀኖቹን ወደ ኋላ ሲቆጥር፣ ከመታመሟ ሁለት ሳምንት በፊት ከሩቅ የመጣች፣ ትኩሳት ያላትና ደም የሚፈሳት ሴት ያለ ጓንት አጥባ እንደነበር እናቴ ነገረችው። በሽታው ከእሷ ሳይሆን አይቀርም አላት። ሩዙም ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚያውቅ የለም። የስምንት ዓመት ልጅ ግን «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር አታውቅም።

እናቴ በአምስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ጸጉሯ ተመልጧል፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ እንጂ የለበሰችው አይመስልም። ስትራመድ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች፤ የበሩ መቃን ይመታታል። የመንደሩ ልጆች እሷን እያስመሰሉ ይንገዳገዱ ነበር። ትልልቆቹ ደግሞ ነርስ ኬማ ከተማ ሄዳ የዘንባባ ጠጅ ለምዳ መጣች ይባባሉ ነበር። ሴቶቹ ቅር ያላቸው ሰላምታቸውን ባለመመለሷ ነው። «አፍንጫዋን ነፍታ መጣች» አሉ። እሷ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች፤ የመጣውን ሰው አፍ አፉን ታያለች። ስትናገር አንዳንዴ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮሃለች፤ አንዳንዴ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠህ እንኳ ቃሏ አይያዝም።

ከቤታችን ጀርባ የተገነደሰ የዘንባባ ግንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን አውልቃ፣ እጆቿን ዘርግታ እሱ ላይ ትራመዳለች። ትወድቃለች። ጉልበቷን አራግፋ እንደገና ትወጣለች። አንድ ቀን ሄጄ እጇን ልይዛት ስል ገፋችኝ። ብቻዋን መጫወት ፈልጋ፣ እኔን ማጫወት ጠልታ መሰለኝ። ያ በሽታ ከጆሮ ጋር ሚዛንንም ይወስዳል። ግንድ ላይ ተራመጂ ብሎ የነገራት ሐኪም የለም፤ ራሷ ያመጣችው መላ ነው። በሰው እጅ ተደግፋ ከሆነ እንደማትድንም ራሷ ነው የወሰነችው። ሁለት ወር ሳይሞላት ቀጥ ብላ መሄድ ቻለች።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን በጣቢያው መስኮት አጮልቄ አየኋት። የፅንስ ልብ ማዳመጫዋን፣ ያችን ቀንድ የምትመስል የእንጨት ዕቃ፣ የአንዲት እርጉዝ ሆድ ላይ ተክላ በቀኝ ጆሮዋ ተደፋችባት። ከዚያ በግራ። ከዚያ መልሳ በቀኝ። ግንባሯ ላብ አውጥቷል። በመጨረሻ ሴትየዋን ደህና ነው ብላ ሸኘቻትና ከሕንጻው ጀርባ ሄዳ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ያቅለሸለሻት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። የምትመረመረዋን ሴት፣ ልጄ ሥራ ትልመድ ብላ አሳቀቻት፤ እኔም እውነት መሰለኝ። ጆሮዬን ማዳመጫው ላይ አስደግፋ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እንደምትሮጥ ፍየል ኮቴ ነው የሚሰማሽ። የሰማሽውን በጣትሽ የእጄ አንጓ ላይ ምቺልኝ። አታፍጥኚ፣ አታዘግዪ፤ እንደሰማሽው።»

መጀመሪያ እንደ ውሃ የሚያጉረመርም ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ መጣ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ሩቅ። አንጓዋ ላይ መታሁላት። ሰዓቷን እያየች ቆጠረችና ቀና ብላ ፊቴን አይታ ፈገግ አለች። ከሆስፒታል ከተመለሰች ጀምሮ ለእኔ ብላ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ይቅር አለችኝ ብዬ አሰብኩ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ ወደ ቤት ስንሄድ። «የእኔና የአንቺ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ ገባ። ሴቶቹ «ትንሿ ነርስ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ሆዳቸው ይሞቃል፤ የዘንባባ ዘይት ይሸታል። ቤት ውስጥ እንደ ወትሮው ስጠራት አትመልስልኝም፤ ጣቢያው ውስጥ ግን የልብ ምት ባመጣሁላት ቁጥር ትስቅልኛለች። ነገሩ በእኔ ሒሳብ ግልጽ ነበር። የልብ ምት ካለ ምሕረት አለ።

ኒያንዳ የመጣችው በነሐሴ ነው። የቫንዲ ሚስት ናት፤ ከአምስት ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ባየችኝ ቁጥር ከመቀነቷ ፈትታ የተቆላ ለውዝ ትሰጠኛለች። በዚያ ቀን ዝናቡ ለጉድ ይወርድ ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ከመጮሁ የተነሳ ኒያንዳ የምትናገረው ራሱ በግድ ነው የሚሰማው። አልጋው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛችና፣ «ነርስ፣ ልጁ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዝም ብሎብኛል» አለች።

እኔ ሰማኋት። እናቴ እጇን እየታጠበች ነበር፤ የሰማች መሰለኝ።

ጆሮዬን አስደገፍኩ። ዝናብ ነው። ቦታ ቀየርኩ። ዝናብ ነው። ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ላይ አደረግኩት፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚጮኸው። ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ እንድትለኝ እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግን ሰዓቷን ይዛ፣ አንጓዋን ዘርግታልኝ ትጠብቃለች፤ ዝናብ መኖሩንም ያወቀች አትመስልም። ስትፈትነኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ባዶ እጄን ብመለስ ፊቷ ተመልሶ እንደሚዘጋብኝ ታየኝ። ጣቴን አንሥቼ፣ ከወራት ልምድ በቃሌ የያዝኩትን የፍየሏን ሩጫ መታሁላት።

ቆጠረች። «ጎበዝ» አለችኝ። ኒያንዳን ደህና ነው ብላ ሆዷን መታ መታ አደረገችላት። ኒያንዳ እያለቀሰች ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ለውዙን ሰጠችኝ። በላሁት።

በሦስተኛው ቀን ምጥ መጣባት፤ ቀትር ሲሆን ተገላገለች። እኔ ደጅ ተቀምጬ ነበር። የሕፃን ድምፅ አልወጣም። ከቆይታ በኋላ አክስቴ ቴዋ ኒያንዳን ደግፋ ወደ ሌላኛው ክፍል ስታስገባት በሩ ክፍት ቀረና ገባሁ። እናቴ በቆርቆሮ ሳፋ ውስጥ ሕፃኑን እያጠበች ነው። ወንድ ነው። የክንዱ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ስኳር ድንች ልጣጭ እየተነሳ በጣቷ ላይ ይቀራል። ውሃው ፈልቶ ያቃጠለው መሰለኝ።

ምን እንዳንቀሳቀሰኝ አላውቅም፤ ፊት ለፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«ያን ቀን አልሰማሁም» አልኳት። «ዝናብ ነበር። ዋሽቼ ነው።»

አፌን አየች። «እንደገና በይው። ቀስ ብለሽ።»

ደገምኩት። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ስለ ሩዙም ነገርኳት፤ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ኩሱ፣ በማንኪያ ጀርባ እንደደለደልኩት። የታመመችው በእኔ እንደሆነ እንደማውቅ ነገርኳት። ለዚህ ነው ስጠራሽ ዝም የምትይኝ አልኳት።

«ስትጠሪኝ?» አለች። «መቼ ጠርተሽኝ?»

«ሁልጊዜ። ከመጣሽ ጀምሮ።»

ሳፋው ውስጥ ያለው እጇ ቆመ።

«ባይንዱ፣ እኔ አልሰማም። ሁለቱም ጆሮዎቼ ሞተዋል። በሽታው ወስዷቸዋል። አንድም ቀን ስትጠሪኝ አልሰማሁም።»

ከዚያ ወደ ሕፃኑ ዞረች። አወጣችው፤ አደረቀችው፤ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ይህን ስታደርግ ከንፈሯ ረጅም ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ለሞተው እየጸለየች ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ስትጨርስ ጮክ ብላ፣ «ገባሽ?» አለችኝ። ልጅ ገባሽ ሲባል ምን ያደርጋል? ራሴን ነቀነቅኩ።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ፣ እኔም ወልጄ ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ፣ የኒያንዳን ልጅ የገደልኩት እኔ ነኝ ስላት በድንጋጤ የያዘችውን ዕቃ ከእጇ ጣለች። «ነግሬሽ የለም እንዴ?» አለች። የተላጠ ቆዳ ማለት ሕፃኑ ከመወለዱ ከቀናት በፊት በማኅፀን ሞቷል ማለት ነው። እኔ ጆሮዬን ሳስደግፍ ልቡ ቆሞ ነበር። ሳፋው አጠገብ የነገረችኝ ይህንን ነው። ውሸትሽ ክፉ ውሸት ነው፤ ልጁን ግን አንቺ አልገደልሽውም፤ የእኔም ሕመም የአንቺ ጥፋት አይደለም ብላኛለች። ድምፅዋ አለመውጣቱን አላወቀችም። በምን ትወቀው? እሷ የተናገረችውን እኔ አልሰማሁም፤ ሁለታችንም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተነጋግረናል ብለን ኖርን።

ያኔ ከሕፃኑ ቀብር በኋላ ሽማግሌዎቹ መሰብሰቢያው ዳስ ውስጥ ጠሯት። ሳፋው አጠገብ የተባባልነው ሳይሰማ አልቀረም፤ ነርሷ በልጅ ጆሮ ነው የምትሠራው የሚል ወሬ ወጥቶ ነበር። እኔ ከቀሚሷ ኋላ ቆሜ፣ ስሜን ትጠራለች፣ ውሸታሟን ታሳያቸዋለች ብዬ እጠብቃለሁ። እናቴ ቆመች። ድምፅዋ ያን ቀን ከልክ በላይ ወጣ።

«ጆሮዬ ሞቷል» አለች። «ካወቃችሁ ታባርሩኛላችሁ ብዬ ደበቅኳችሁ። የልጄን ጆሮ በሴቶቻችሁ ሆድ ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ልጅ ናት፤ አድርጊ ያልኳትን አደረገች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይህች ልጅ የጣቢያውን ደጃፍ አትረግጥም።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። አባረረችኝ ብዬ አለቀስኩ። ከኋላዋ እንደደበቀችኝ ለማወቅ ዕድሜ አስፈልጎኛል።

ቫንዲ፣ የሟቹ አባት፣ ከዳር ተቀምጦ ነበር። ሳይጮህ፣ «ብትነግሪን ኖሮ ኒያንዳን ኬነማ እንወስዳት ነበር» አላት። እናቴ ወደ እሱ ስላላየች አልመለሰችለትም። አንድ ሽማግሌ እጅጌዋን ጎተተና ወደ ቫንዲ አመለከታት። ያ ሰው ያንን ቃል ሁለተኛ ለመናገር ተገደደ። እናቴ አፉን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ «አዎ፣ ትወስዷት ነበር» አለች፤ የጣቢያውን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል በእርሻ ነው የኖርነው። የሌሎቹ ሴቶች ማሳ ከእኛ ማሳ ጋር ቢገናኝም ሰላም የሚለን ጥቂት ነው። የኒያንዳ እናት መንገድ ላይ ስታየን ትሻገራለች። እናቴ አንድም ቀን ስታማርር አላየኋትም፤ አንዳንድ ቀን ግን ሩዝ ስታርም በመሐል ቆማ፣ ማጭዷን ይዛ፣ ፀሐይ እስክትዞር አትንቀሳቀስም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊቷ ታስቀምጠኝና ያለ ድምፅ እንድናገር ታደርገኛለች። «በላ» ስላት «መላ» ትለኛለች። «ማማ» ስላት «ባባ» ትላለች፤ ያኔ እኔ ስስቅ እሷም ትስቃለች፤ ከዚያ በቁጣ እንደገና በይ ትላለች። በዓመቱ አፍ ላይ ከሚመሳሰሉት ከሳቅና ከማሳል በቀር የሚያመልጣት አልነበረም። እጇን ደግሞ በፍየል አሠለጠነችው። ያረገዘች ፍየል ያለው ሰው ሁሉ ደጅ ሄዳ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ዓይኗን ጨፍና የፍየሏን ሆድ ትዳስሳለች፤ ግልገሉ በየት በኩል እንደተኛ፣ ስንት እንደሆነ ትናገራለች። ነርስ ኬማ ፍየል ማዋለድ ጀመረች ተብሎ ተሳቀባት። መጀመሪያ ትሳሳት ነበር። በኋላ ግን መንታ ነው ካለች መንታ ሆነ።

በእሷ ቦታ ከዋና ከተማው ከፍሪታውን የተላከችው ነርስ ኤልፍሪዳ የምትባል ወጣት ነበረች። አንድ ቀን አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ልጇ ተጋድሞባት ስትጨነቅ፣ ኤልፍሪዳ ራሷ እየሮጠች ማሳችን ድረስ መጣች። ለእናቴ በእጇ የተጋደመ ሕፃን ቅርጽ ሠርታ አሳየቻት። እናቴ እጇን ታጥባ ሄደች። ሕፃኑን ከውጭ እየገፋች ቀስ በቀስ አዞረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ስምና ያለ ደመወዝ፣ አስቸጋሪ ሲገጥም የምትጠራ ሴት ሆነች። ብዙዎች ግን አሁንም አይፈልጓትም ነበር።

ኒያንዳ እንደገና ማርገዟን የሰማነው ከሰው ነው። ቀኗ ሲቃረብ ቤታችን መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ከሞተ ወዲህ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። በርጩማ ስባ ከእናቴ ፊት ተቀመጠችና አፏ በደንብ እንዲታይ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አደረገች።

«ጆሮ ጣቢያው ውስጥ አለ» አለች። «እኔ የመጣሁት ለእጅሽ ነው።»

እናቴ ተነሥታ እጇን ታጠበች።

ምጡ የመጣ ዕለት ኤልፍሪዳ ለክትባት ሌላ መንደር ሄዳ ነበር። ጠዋት ላይ ነው። እናቴ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝና፣ «ነይ» አለችኝ። ዐሥራ አንድ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የጣቢያውን ደጃፍ እንደገና ረገጥኩ።

ሕፃኗ ስትወጣ ሰማያዊ ሆና፣ እጅና እግሯ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነው። ድምፅ የለም። የኒያንዳ እናት አንዴ አይታ ሙሾ ጀመረች። ቴዋ ሙሾውን ተቀበለቻት። ደጅ ያሉት ሴቶች ሰምተው ለቅሶው በመንደሩ ተዳረሰ። ኒያንዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታቸው ጎንበስ ብላለች። ሁለት ጣቶቿ እትብቱ ሥር ናቸው። በሌላኛው እጇ የሕፃኗን ጀርባ ታሻለች፤ አፏን ትጠርግላታለች፤ ትንሽ ትንሽ ትንፋሽ ትነፋባታለች፤ መልሳ ታሻለች። ለቅሶውን ስላልሰማች ነው የማታቆመው ብዬ አሰብኩ፤ መሞቷን ማን ይንገራት ብዬ ተጨነቅኩ። ካደግኩ በኋላ ይህንኑ ስነግራት ተቆጣችኝ። «ልቧ ጣቴ ላይ ይመታ ነበር እኮ። መንደሩ በሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቢጮህ አላቆምም ነበር» አለችኝ።

ሕፃኗ አንዴ ሳል መሰል ነገር አደረገች። ከንፈሯ ቀላ። አፏን ከፈተች፤ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። እናቴ እያሻሸች ቀና ብላ አየችኝ።

«አፏን ከፍታለች» አለች። «ታለቅሳለች ወይስ ታጣጥራለች?»

ሰምቻለሁ? ጆሮዬን አላመንኩትም። ጠጋ ብዬ፣ ሕፃኗ አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ እንደገና አዳመጥኩ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ አፌ እንዲታያት አድርጌ ነገርኳት።

«ታለቅሳለች።»

እጇ አላቆመም። ዓይኗን ከአፌ ላይ አላነሣችም።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው፣ እማ።»

ከዚያ ሕፃኗን አንሥታ ለኒያንዳ ሰጠቻት።